ባሕር ያላየ ካፒቴን

ባሕር አይቼ አላውቅም። ትልቁ ያየሁት ውኃ ጣና ነው፤ እሱንም ዓይኔን ልታከም ባሕር ዳር ሄጄ፣ በአንድ ዓይኔ። ቢቸና መናኸሪያ ወርዳችሁ «ካፒቴን የታል?» ብትሉ ግን ቤቴ ድረስ የማያደርሳችሁ የለም። እናቴ ያወጣችልኝን አስማረ የሚለውን ስም የሚያውቁት መታወቂያዬና ባለቤቴ ብቻ ናቸው፤ ባለቤቴም ትዝ የሚላት ስትቆጣ ነው።

ሥራዬ ፊልም መተርጎም ነበር። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጬ፣ ማይክ ይዤ፣ ፈረንጆቹ የሚሉትን እዚያው በዚያው ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የእኛ ቤት የታወቀው በባሕር ፊልም ነው። መርከብ ላይ የተደበቀ ገዳይ መርከበኞቹን አንድ በአንድ ሲለቅማቸው፣ ሰርጓጅ መርከብ ውኃ ሥር ተይዞ አየር ሲያልቅባቸው፣ ጀልባ ተሰብሮ ሰው በጣውላ ላይ ሲንጠለጠል። ልብ አንጠልጣይ የሚሉትን ማለቴ ነው። ደመወዜን አትጠይቁኝ፤ ልብ አንጠልጣይ እሱ ነበር።

አሁን አዳራሹ ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ «ካፒቴን፣ ስልክ እንጀራህን ቀማህ አይደል?» ይለኛል። «ቀማኝ» እላለሁ፤ መልሱ አጭር ስለሆነ። እውነቱ ግን ማይኩን ያስቀመጥኩት ስልክ ከመቀማቱ በፊት ነው፣ ሞጣ ከተማ ዳር፣ በአንድ አባት ደጅ ላይ። እሱን ለመናገር ከየኔታ መጀመር አለብኝ።

የኔታ ጥበቡ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤትና የእኔ አስተማሪ ነበሩ። በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም አካባቢ ቅኔ ሲቆጥሩ ቆይተው ኋላ አስኳላ ገቡ፤ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ቀሳውስቱ ተቀየሟቸው። «ምን ላድርግ፣ አፌ ሥራ ፈታ» ብለው መለሱ። እኔን የቀጠሩኝ ጀነሬተር እንዳስነሣና በር እንድጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ጉንፋን ድምፃቸውን ዘጋውና ማይኩን ወረወሩልኝ። «እንግሊዝኛ አልችልም እኮ» ብላቸው «ስታየው ትችለዋለህ፤ የፈራ ሰው የሚለው በየአገሩ አንድ ነው» አሉኝ። በዚያው ቀረሁ።

የባሕር ፊልም ቤት የሆንነው ሳናስበው ነው። የኔታ ከአንድ ነጋዴ ላይ ካሴት በካርቶን ገዙ፤ ከፍተን ብናይ ከላይ እስከ ታች ውኃ። መርከብ፣ ጀልባ፣ መርከብ። «ጉድ ሆንኩ!» አሉ የኔታ። «ይኼን ለጤፍ ገበሬ ማን ያሳያል?» ግን ሌላ አልነበረንምና በገበያ ቀን አንዱን ከፈትነው። አንድ መርከበኛ ከገዳዩ ሸሽቶ የመርከቡ ጫፍ ላይ ይቆምና ድረሱልኝ እያለ ይጮኻል። ከመሐል አንድ ገበሬ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ኧረ ምነው በአገሩ ሰው የለም? ጎረቤት የላቸውም እንዴ?»

የኔታ በማይኩ ቀስ ብለው «ባሕር ነው፤ ጎረቤት የለም» አሉ።

ሰውየው ዱላቸውን አስደግፈው ተቀመጡ። በእኛ አገር ሰው ኡኡ ካለ አገር ይወጣል፤ የተጣላህ ጎረቤትህ እንኳ ጋቢውን ጥሎ ይደርሳል፣ ጠቡን ነገ ይቀጥላል እንጂ። ኡኡ ብለህ ማንም የማይመጣበት ቦታ በዓለም ላይ መኖሩን ሰዉ ያን ቀን ነው ያወቀው። ከዚያ በኋላ ካራቴ ብናሳይ የሚገባ ጠፋ። «ያንን ጎረቤት የሌለበትን አምጡልን» ይሉን ነበር።

የኔታ ፊልሙን አስቀድመው ብቻቸውን ያዩታል፣ ድምፁን አጥፍተው፣ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠሙ። «ቃሉን ከሰማህ ፊቱን አታይም» ይላሉ። ጉሮሮአቸውን በተልባ ያሟሻሉ። ለፈረንጆቹ ስም አያወጡም፤ ካፒቴኑ «ጋሼ» ነው፣ ወጥ ቤቱ «አያ»፣ ወጣቱ «ይኼ ልጅ»። ሴቶቹ ከመሐል «ልጆች አሉት?» ብለው ከጠየቁ አይቆጡም። «ሁለት አሉት፤ ታላቂቱ ባለፈው ተድራለች» ይሉና ወደ ፊልሙ ይመለሳሉ። ፈረንጁ የት እንደዳራት እኔ እንጃ።

አንድ ክረምት ዓባይ ሲሞላ ቆላ ይዘውኝ ወረዱ። ወንዙ ዳር አስቁመው «አዳምጥ» አሉኝ። ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ነው።

«ይኼ ውኃ የሚጮኸው የሚሄድበትን ስለሚያውቅ ነው» አሉ። «ባሕር ግን መሄጃ የለውም። እሱ የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። አንተም አደጋው ሲመጣ ዝም በል፤ ማይኩን ከአፍህ አርቅ።»

«የኔታ፣ እርስዎ ባሕር የት አይተው ነው?»

«እኔ የት አይቼ! ሳስበው ነው እንጂ።»

ይህንን እያሰብኩ እስካሁን ብቻዬን እስቃለሁ። ግን እውነታቸውን ነበር። ክፉው ሲቃረብ ዝም ስል የቤቱ ሰው ትንፋሽ ለእኔ ይሰማኝ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ሙያቸው ሞት አነጋገር ነው። የፈረንጅ ፊልም ሞትን ድንገት ነው የሚያመጣው፤ ሰውየው ሲስቅ ማዕበል ይወስደዋል፣ አለቀ። የኔታ በዚህ ይናደዱ ነበር። «ጨዋ ሰው መርዶ እንዲህ ይናገራል? ባለጌዎች!» የሚሞተውን አስቀድመው ስለሚያውቁ እንደ አገራችን ደንብ ሰዉን ያዘጋጁታል። መጀመሪያ «ይኼ ልጅ ዛሬ ፊቱ አላማረኝም» ይላሉ። ቆይተው «ጉልበቱ ዛለ» ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲህ ሁሉም የእግዚአብሔር ነው፤ ያለው ይጽና» ይላሉ። ማዕበሉ ሲመጣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆይተዋል፤ «ነፍስ ይማር» የሚልም አይጠፋም። ሞት እንደሚመጣ እያወቅህ መቼ እንደሚመጣ አለማወቅ! ልብ የሚንጠለጠለው ያኔ ነበር። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች መጥተው ቢያዩ ይቀኑ ነበር።

ከደንበኞቻችን መሐል ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ይበልጣልና ሙሉቀን። ይበልጣል የእትዬ ጥሩወርቅ አንድያ ልጅ ነው፤ እትዬ ጥሩ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡ፣ ምላሳቸውም እንደ በርበሬያቸው የሆነ ሴት ናቸው። ሙሉቀን የሞጣ ልጅ ነው፤ ብየዳ ሊማር ቢቸና መጥቶ በእሳቸው ቤት ተከራየና እንደ ልጅ ሆነ። ሙሉቀን ፊት ላይ ይቀመጣል። ዋናው ሰውዬ ጭንቅ ውስጥ ሲገባ፣ እኔ ሰዉን ላስፈራ ዝም ስል፣ እሱ እጁን አንሥቶ «አይዟችሁ፣ አክተር አይሞትም!» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። «አንተን አንድ ቀን ከነወንበርህ ነው የማስወጣህ» እለዋለሁ። ይስቃል። ሳቁን በጣም እወደው ነበር፤ ሥራዬን ቢያበላሽብኝም።

ሁለቱ ልጆች አንድ ጧት ጠፉ። ሥራ የለም፣ ተምረው ተቀምጠዋል፣ ሰው ሁሉ እየሄደ ነው። በጅቡቲ በኩል ወደ የመን። አንድ ጊዜ ብቻ ከባሕሩ ዳር ደወሉ፤ «እማዬ፣ ዛሬ በጀልባ እንሻገራለን» አለ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ምንም። ወር ሆነ፣ ዓመት ሆነ፣ ምንም።

እትዬ ጥሩ ቪዲዮ ቤት ረግጠው አያውቁም፤ የዱርዬ ቤት ነበር የሚሉን። አንድ የገበያ ቀን ግን የበርበሬ ማዳበሪያቸውን ጠቅልለው በራችን ላይ ቆሙ።

«የኔታ፣ ባሕር አሳዩኝ።»

የኔታ ከፊት አስቀመጧቸው። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ይዘው አዩ። መርከቡ ሲመጣ «ይኼ ትልቅ ነው፤ የእነሱ እንዲህ ነው?» አሉ። የኔታ «ያነሰ ነው» አሉ። ጀልባ ሲመጣ «ይኼ ይተርፋል?» አሉ። «እንደ ነጂው ነው» አሉ የኔታ። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ይመጡ ጀመር። አንድ ቀን ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጆቹ አክተር አይሞትም ይላሉ። የእኔ ልጅ አክተር ነው፣ ካፒቴን?» አሉኝ። «ነው እንጂ!» አልኳቸው። ምን እላለሁ ታዲያ? የኔታ እሳቸው ባሉበት ቀን ሰው የሚሞትበትን ፊልም አያስገቡም ነበር። ሰዉ «ምነው ሰሞኑን ሁሉም ተረፈ?» እያለ ያማን ነበር።

አሁን ክፉውን ቀን ልናገር። እትዬ ጥሩ በርበሬ ሊያመጡ ሉማሜ ሄደዋል ተብሎ ስለነበር የኔታ አንድ ከባድ ፊልም አስገቡ። ሁለት ወጣቶች ጀልባቸው ተሰብሮ በአንድ ጣውላ ላይ ናቸው። አንዱ እየደከመ ነው። የኔታ ያን ቀን አምረው ነበር፤ እንደዚያ ሲያምሩ አይቻቸው አላውቅም። «ይኼ ልጅ ፊቱ አላማረኝም» አሉ። ቤቱ ጸጥ። «ክንዱ ዛለ» አሉ። ባርኔጣ ይወልቅ ጀመር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጅ የእግዚአብሔር አደራ ነው። ሲሰጥም ሲወስድም እሱ ያውቃል። እናቱ ትጽና» አሉ።

«ኡኡ! ልጄን! የኔታ አረዱኝ!»

ከኋላ፣ ከጨለማው፣ እትዬ ጥሩ። መኪናው ሳይሞላ ቀርቶ ከመንገድ ተመልሰው፣ ሳናያቸው ገብተው ቆመው ነበር። ነጠላቸውን ቀድደው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። እኔ ከየኔታ እጅ ማይኩን ነጥቄ «ፊልም ነው! ፊልም ነው!» እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። ጩኸቱ ገበያው ውስጥ ገባ፣ ገበያው ወደ እኛ መጣ። በርበሬ የሚሸጡት፣ ጨው የሚሸጡት፣ አህያ የሚነዱት፣ ሁሉም። «የይበልጣልና የሙሉቀን መርዶ ተነገረ። ያረዷት የኔታ ጥበቡ ናቸው» ተባለ። የኔታ ጥበቡ ካሉማ ማን ይጠረጥራል? በማይክ እየጮኽኩ ሳለሁ አንዲት ሴት በእንባ «እኔን! ካፒቴንም አብሮ ያለቅሳል» አለችኝ።

ሳይመሽ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። የኔታ ሄደው ቢናገሩ «ሐዘኑ ነው የሚያስቀባጥራቸው» ብለው አስቀመጧቸው። በማግስቱ ከሞጣ የሙሉቀን አባት ከነዘመዶቻቸው ደረሱ፤ አያ ውበቱ ይባላሉ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ገበሬ። ሁለቱንም ልጆች በስም እየጠሩ ከመንገድ ጀምረው እያለቀሱ መጡ። ያኔ የኔታ ድንኳኑ መሐል ወንበር ላይ ወጡ። 

«ወገኖቼ፣ እኔ ያረዳሁት የፊልም ሰው ነው። ስለ ልጆቹ አንዳች የሰማሁት ነገር የለም።»

አንድ ሽማግሌ ብዙ አስበው «ታዲያ የሞተው ማነው?» አሉ።

«አንድ ፈረንጅ።»

ከጥግ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና በጋቢው ሸፈነ። እትዬ ጥሩ ከመደቡ ተነሡ። ዓይናቸው አብጦ ነበር።

«የኔታ፣ ልጄ አለ?»

«አላውቅም፣ እመቤቴ።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም።»

ያዘቀዘቁትን ነጠላ አዞሩና ለበሱት። «እንግዲያውስ ድንኳኑን ንቀሉልኝ። ልጄ በቁሙ ለቅሶ አይቀመጡበትም።»

ድንኳን መትከል እንጂ ገና በሁለተኛው ቀን መንቀል ማን ያውቃል? የተቀቀለው ንፍሮ ምን ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ፤ ቢበላ ሐዘን ነው፣ ቢደፋ ነውር ነው። እትዬ ጥሩ «ብሉት! ሲመጣም ንፍሮ ይወዳል!» ብለው ጮኹ። ተበላ። እየበላን አለቀስን፣ አንዳንዱም እየሳቀ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ቢቸና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችም።

አያ ውበቱ ሲሄዱ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ያ ፊልም፣ የሁለቱ ልጆች፣ መጨረሻው ምንድን ነው?»

እኔ ጅሉ ቀጥ ብዬ ተናገርኩ። «አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይተርፋል።»

«ምነው ባልጠየቅሁህ» አሉና ሄዱ።

የኔታ ከዚያ ቀን በኋላ ማይክ አልያዙም። ያን ያህል ዓመት ሰዉ እንዳይደነግጥ ብለው የተጠበቡበት ደግነት እንዴት እሳት እንደሆነ አልገባቸውም። «ሞትን ለማክበር ነበር እኮ» ይሉኛል እንደ ልጅ። ብዙ ሳይቆይ ሞጣ ላይ ከአንድ ሰው ጋር በሽርክና ሁለተኛ ቤት ከፈቱና እኔን ወደዚያ ላኩኝ። ሸሪካቸው ካራቴ ወዳድ ነበር። «ውኃ ማየት ምን ያደርግላቸዋል? ጥፊ አሳያቸው!» እያለ ይነዘንዘኝ ነበር። በካራቴው ቀን ወንበሩ ባዶ ሲሆን፣ በባሕሩ ቀን ሰው መስኮት ላይ ሲንጠለጠል አይቶ ዝም አለ።

ሞጣ በጀመርኩ በመጀመሪያው ገበያ አያ ውበቱ መጡ። በሩ አጠገብ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀመጡ። ፊልሙ ጦፎ፣ መርከቡ ተሰንጥቆ፣ ሰዎቹ ገና ሲዋኙ፣ ብድግ አሉ።

«አያ ውበቱ፣ ሳያልቅ?» አልኳቸው ማይኩን ሸፍኜ።

«እስካሁን ደኅና ናቸው?»

«እስካሁን ደኅና ናቸው።»

«በቃኝ። በዚሁ ልሂድ።»

በሚቀጥለውም ገበያ እንዲሁ። ዓመታት ሙሉ እንዲሁ። ከየኔታ ቤት ጀምሮ ብዙ ዓይነት ተመልካች አይቻለሁ፤ የሚያንቀላፋ፣ የሚሳደብ፣ ቴሌቪዥኑን በድንጋይ ሊመታ የቃጣ። መጨረሻ የማያይ ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሞጣዎች ይቀልዱባቸው ነበር፤ «አያ ውበቱ፣ የግማሽ ያስከፍሉዎታል?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ። አንድ ጊዜ አሳዝነውኝ «ዛሬ ይቀመጡ፤ ይኼኛው መጨረሻው ጥሩ ነው» አልኳቸው።

«ጥሩ ከሆነማ ሳላየውም ጥሩ ይሁን» ብለው ወጡ።

በኋላ ሥራው እየቀዘቀዘ፣ የኔታም በሕመም አልጋ እየያዙ ሄዱ። ልጠይቃቸው ቢቸና በመጣሁበት ሰሞን፣ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ በተለቀቀ ማግስት፣ እትዬ ጥሩ ስልካቸውን ይዘው እየሮጡ የኔታ ቤት ገቡ። ስልኩን ሰጡኝ።

«ካፒቴን?» አለ ድምፁ። ይበልጣል ነው። አለ! ጮኽኩ፤ የኔታ ከአልጋቸው ቀና አሉ። የመን ታስሮ ኖሮ፣ ሳውዲ ገብቶ፣ በግ ይጠብቃል።

«ሙሉቀንስ?»

እናቱ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

«ጀልባው ተገለበጠ» አለኝ። «ኡኡ አልን። አብረን፣ እንደ አገራችን ጮኽን፣ ጮኽን። ማንም የለም። ሙሉቀን ሳቀ፣ ካፒቴን። በየኔታ ድምፅ ‘ባሕር ነው፤ ጎረቤት የለም’ አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ‘አይዞህ፣ አክተር አይሞትም’ አለኝ። እጁን ይዤው ነበር። ሲነጋ እጄ ውስጥ አልነበረም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን አትደውልም፣ አንተ?» ተቆጣሁ። እንባዬ እየወረደ ተቆጣሁ።

«ምን ብዬ? ለእናቴ አለሁ ካልኩ ለአባቱ የለም ማለቴ ነው።»

መርዶው መነገር ነበረበት። የኔታ ሽማግሌ ያስጠራሉ ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዙ። «እኔ ሞት ሳይኖር ያረዳሁ ሰው ነኝ» አሉ። «አሁን ሞት ሲመጣ በየትኛው አፌ እናገራለሁ? ያሳደግሁህ ለዚህ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። አንተ ሂድ። ቀስ አድርገህ፣ አስማረ።» በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። እትዬ ጥሩም «እሳቸው ለልጄ አልቅሰውለታል፤ እኔም ለልጃቸው እደርሳለሁ» ብለው ነጠላቸውን አነሡ።

ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄደን፣ ማንም ሳያየን አንድ ዘመድ ቤት አድረን፣ ጎህ ሲቀድ አያ ውበቱ ደጅ ደረስን። እሳቸው ተነሥተው በሬዎቻቸውን እያወጡ ነበር። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እትዬ ጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። ግን ወደ እኔ ብቻ ተመለከቱ።

«ካፒቴን። ዛሬ ገበያ አይደለም እኮ።»

«ላጫውትዎ ነው የመጣሁት፣ አያ ውበቱ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው። ሽማግሌዎቹ ደንቡን ሊጀምሩ ሲሉ በእጄ ያዝኳቸው። ማይክ የለም፣ ፊልም የለም። «ሁለት ልጆች ነበሩ» ብዬ ጀመርኩ። «እንደ ወንድማማች ናቸው። አንደኛው ሳቂታ ነው፤ ሰው ሲጨንቀው እሱ ይስቃል። ባሕሩ ዳር ደረሱ። ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ሰዉ ብዙ ነው። ተሳፈሩ። ሳቂታው ልጅ ጓደኛውን ከውስጥ አስቀምጦ እሱ ከዳር ተቀመጠ።» እንደ የኔታ ቀስ አልኩ። «ነፋሱ መጣ። ይኼ ነፋስ አላማረኝም» አልኩ። እዚያ ላይ ዝም አልኩ። ማይኩን ከአፌ አራቅሁ ልበል፤ እጄ ግን ባዶ ነበር።

አያ ውበቱ ብድግ አሉ። ዱላቸውን አነሡ። ወደ በሬዎቹ አንድ ሁለት እርምጃ ሄዱና ጀርባቸውን እንደሰጡን ቆሙ።

«እስካሁን ደኅና ናቸው?» አሉ።

«እስካሁን ደኅና ናቸው» አልኩ። አለቀስኩ።

እንደቆሙ ቆዩ። በቃኝ ቢሉ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመለስ ነበር። እሳቸው ግን ዞሩ፤ መጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ዛሬ እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ» አሉ። «ንገረኝ፣ ልጄ።»

ነገርኳቸው። ጩኸቱን፣ ሳቁን፣ እጁን። ስጨርስ አያ ውበቱ አፋቸውን ከፈቱ። «ኡኡ! ሙሉቀንን! ኡኡ!»

ገና ጩኸታቸው ሳያልቅ የጎረቤት በር ተከፈተ። ቀጥሎ ሌላው። ከታችኛው መንደር ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ሲወጡ፣ ከወዲያ ማዶ ወንዶች ጋቢያቸውን ጥለው ዳገቱን ሲሮጡ አየሁ። እትዬ ጥሩ የአያ ውበቱን ትከሻ አቅፈው ይዘዋል። ልጁ በባሕሩ ላይ የጠራቸው ሰዎች ሁሉ ያን ጧት ለአባቱ ደረሱ።